የተሰበረ ባይት ምስክርነት፦ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ያለፈበት መንገድ

(በየካ ክፍለ ከተማ፣ ወሰን አካባቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርዕሴ ሲያዩት ከታሪክ ይልቅ የኮምፒውተር ሳይንስ ጉዳይ ይመስላል። አንድ ፕሮግራም ፊደል ነው ተብሎ የተሰጠው የቁጥር ተርታ ፊደል ሆኖ አልገኝ ሲለው ምን ያድርግ? ሥራውን ያቁም? የጎደለውን በምልክት ተክቶ ይለፍ? ወይስ እንዳላየ ዘሎት ይሂድ? ጥያቄው ግን ለታሪክ ሰው እንግዳ አይደለም። ብራና የሚያነብ ሰው ቀለሙ የለቀቀ ወይም ጥግ የተበላ ቅጠል ሲገጥመው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከበላያችን በተዘረጋው የእንጦጦ ሰንሰለት ባሉት አድባራትም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የብራና መጽሐፍ የገለጠ ሰው የጸሐፊውን ልማድ ያውቀዋል፤ የተሳሳተውን በቢላ ፍቆ ያርማል፣ የዘለለውን ቃል በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ያስገባል። ፍቀቱም ጭማሪውም ለአንባቢ ይታያል። በዚህ ምክንያት ከብዙ ዘመን በኋላ የመጣ ተመራማሪ ጽሑፉ የት እንደተነካ ማወቅ ይችላል።

የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። በዲጂታል ጽሑፍ ውስጥ የሚገኝ የተሰበረ ባይት ጽሑፉ መጎዳቱን የሚናገር ምስክር ነው፤ ምስክሩን ዝም ማሰኘት ከጉዳቱ ይብሳል። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበትን ታሪክ ስንመረምር ይህ በግልጽ ይታያል፤ ምክንያቱም እኛ ምስክር በሌለበት ዘመን አልፈን ምስክር ወዳለበት ዘመን የመጣን ሕዝብ ነን።

በመጀመሪያ ጥቂት መሠረታዊ ነገር ላስረዳ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ፊደልን አይደለም። ባይት የምንለው ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። ኢንኮዲንግ ደግሞ የትኛው ቁጥር ወይም የቁጥሮች ጥምረት የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚወስን ስምምነት ነው። ፕሮግራመሮች ስትሪንግ የሚሉት የፊደላት ሰንሰለት ከሥሩ ሲታይ የባይቶች ተርታ ነው። ስምምነቱን ያላወቀ ወይም የተሳሳተ ስምምነት የያዘ ፕሮግራም ያንኑ ተርታ ሌላ ነገር አድርጎ ያነበዋል።

ፊደላችን ከማሽን ጋር የነበረው ግንኙነት ሁልጊዜ የቦታ ጥበት ታሪክ ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ ለእያንዳንዱ የፊደል ቅርጽ የራሱ የብረት ፊደል ያሻው ነበር። ኅትመት ይህን መሸከም ይችላል፤ የብረት ፊደሉ ሣጥን ቢሰፋ ሥራው ይከብዳል እንጂ አይቆምም። የጽሕፈት መኪና ግን ቁልፎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ፈር ቀዳጆች የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነበር። መፍትሔውም የፊደሉን አካል በአንድ ምት፣ ቅጥያውን በሌላ ምት አስቀምጦ ቅርጹን መገጣጠም ሆነ። ወረቀት ላይ ያረፈውን የሚያነበው ሰው ስለሆነ ግጥምጥሙ ለዓይን እስካማረ ድረስ ችግር አልነበረውም።

ችግሩ የመጣው ይኸው ዘዴ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና በአገር ውስጥ ያሉ ጓዶቻቸው ፊደላችንን ስክሪን ላይ ለማዋል ሲሠሩ፣ በእጃቸው የነበረው በአንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ብቻ ነበር። ከዚያም ላይ እኩሌታው ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች የተያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ቦታ ይሻል። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈለው፤ ሌላው እንደ ጽሕፈት መኪናው አካልና ቅጥያ እየገጣጠመ ሠራው። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ዋሽራ የሚሉት ስሞች በዚያ ዘመን ለጻፍን ሰዎች የታወቁ ናቸው። ጋዜጦች፣ መመረቂያ ጽሑፎች፣ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች የተጻፉት በእነዚህ ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያለ እነርሱ የአማርኛ ዴስክቶፕ ኅትመት ለአንድ ትውልድ ዘግይቶ ይቀር ነበር።

ነገር ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አልነበረም። የላቲን ፊደል ቁጥሮች የሐበሻ ልብስ ለብሰው ነው የታዩን። ፎንቱ ሲነሣ ልብሱ ይወልቃል፤ ከሥሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ድብልቅ ይቀራል። ሠሪዎቹ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ስላልነበራቸው በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

እዚህ ላይ ለርዕሳችን ዋናው ቁም ነገር አለ። በእነዚያ ባለ 256 ቦታ ሰንጠረዦች የትኛውም ባይት፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመጣ፣ ሕጋዊ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስሕተት አለ ብሎ የሚጮህበት ምክንያት የለውም። የተሳሳተ ፎንት ብትመርጡለት ያሳያል፤ ከፋይሉ መካከል አንድ ባይት ቢጎድል የቀረውን ያሳያል። ከዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፉን አምጥቶልኝ ነበር። ፋይሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተከፈተ፤ የሚነበብ ቃል ግን አልነበረውም። ከታተመው ቅጂ ጋር ቁጥር በቁጥር እያመሳከርን ሰንጠረዡን መልሰን ሠራነው። የታተመ ቅጂ ባይኖር ኖሮ የት ቦታ ምን እንደጎደለ የሚነግረን ነገር ከፋይሉ ውስጥ ባልተገኘ ነበር። ምስክር የሌለበት ዘመን የምለው ይህን ነው።

በዚያው በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ሴራ የግዕዙን ፊደል በተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጽፋል፤ ለምሳሌ 'ተ'ን በትንሹ፣ 'ጠ'ን በትልቁ የላቲን ፊደል ይለያል። ለዓይን አይመችም፤ ግን ሕጉ ግልጽና ለሁሉም የተነገረ ስለነበር በኢሜይል የተላከ ጽሑፍ ማዶ ሲደርስ ወደ ግዕዝ ፊደል መመለስ ይቻል ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን 345 ቁምፊዎችን መዘገበ። 'ሀ' 4608ኛውን ቁጥር አገኘች፤ ሌሎቹም በተርታቸው ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ በተጨመሩት ዛሬ ቁጥራቸው 523 ደርሷል። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲያወጣ ደግሞ ተራው ተጠቃሚ ምንም ሳይጭን አማርኛን ማንበብ ቻለ።

የዩኒኮድን ቁጥር ወደ ባይት የሚቀይረው ዛሬ በዓለም የነገሠው ሥርዓት ዩቲኤፍ-8 ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት እራት ላይ ሳሉ ነደፉት። የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ይጻፋል፤ የእኛ ፊደል በሦስት። የመጀመሪያው መሪ ባይት ነው፤ የቀሩት ተከታይ ባይቶች ሲሆኑ ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ይገኛሉ። የአማርኛ ፊደላት መሪ ሁልጊዜ 225 ነው። 'ም' ለምሳሌ 225፣ 136፣ 157 ተብላ ትጻፋለች። ከዚህ የተነሣ ከተርታው መካከል የትም ብትቆሙ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የፊደሉን ወሰን ታገኛላችሁ። ዛሬ የተሰበሰብንበት ሰፈር ስም ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የተሰጠ ያህል ይስማማዋል። መሪ የሌለው ተከታይ ወይም ተከታይ የጎደለው መሪ ከተገኘ ወሰኑ ፈርሷል፤ ፕሮግራሙም ያውቃል። ዩቲኤፍ-8 ያመጣልን ትልቁ ስጦታ ሊሰበር የሚችል፣ ሲሰበርም የሚያስታውቅ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ግን እንለይ። ሕጉን መጠበቅና ፊደል መሆን አንድ አይደሉም። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ከ'ቈ' ቀጥሎ ያለው 4681ኛ ቦታ ባዶ ነው፤ ለ'ቈ' ካዕብ ስለሌላት ፊደል አልተመደበበትም። ይህን ቁጥር የሚወክሉት ሦስት ባይቶች ግን ሕጉን ጠብቀው ይጻፋሉ። ፕሮግራሙ ይቀበላቸዋል፤ ስክሪኑ ባዶ ሣጥን ያሳያል። ስለዚህ ሣጥን ስታዩ ፎንቱን ወይም ምደባውን ጠርጥሩ፤ በጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ስታዩ ግን ባይቱ ራሱ ተሰብሮ ነበር ማለት ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች ያያችሁትን ገጠመኝ ልጥቀስ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አንድ የአማርኛ ፋይል በፓይተን ትከፍታላችሁ። ኢንኮዲንጉን ካልነገራችሁት ፓይተን ለዓመታት የኮምፒውተሩን ነባር ሰንጠረዥ ሲወስድ ኖሯል፤ እርሱም በአብዛኛው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተሠራው 1252 የተባለው ነው። በዚያ ሰንጠረዥ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 የሚሉት አምስት ቦታዎች ባዶ ናቸው። 'ም' በ157 እንደምትጨርስ አይተናል። 'ል' እና 'ው' በ141፣ 'ነ' በ144 ይጨርሳሉ። የ'ፈ'፣ የ'ፐ'ና የ'ፀ' ቤተሰቦች ከአራት ነጥባችን ጋር ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው። ስለዚህ አራት ነጥብ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ሰንጠረዥ ሳይሰናከል ሊያልፍ አይችልም። ፓይተን 141ን ወይም 157ን መፍታት አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ተማሪው ይበሳጫል፤ ነገር ግን ያ መሰናክል ባለውለታው ነው። ባዶዎቹን ቦታዎች ዝም ብሎ የሚጥል ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ የተዘበራረቀው ጽሑፍ በኋላ ወደ አማርኛ ሲመለስ 'ም'፣ 'ል'፣ 'ው' እና 'ነ' እንዲሁም አራት ነጥቡ አካላቸው ጎድሎ ይገኙ ነበር። ያለ 'ም' እና ያለ 'ል' የሚነበብ አማርኛ ምን ዓይነት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

የፕሮግራም ቋንቋ ሠሪዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። ረስት የተባለው ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የመጀመሪያ ጽኑ እትሙም ሆነ ዛሬ፣ ስትሪንግ ሁልጊዜ ሕጉን የጠበቀ ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ያስገድዳል፤ የተሰበረ ባይት ከበሩ ይመለሳል። ጎ የተባለው፣ ከፈጣሪዎቹ መካከል ራሳቸው ቶምፕሰንና ፓይክ የሚገኙበት ቋንቋ፣ ስትሪንግን ተራ የባይት ተርታ አድርጎ ይይዛል፤ ፊደል በፊደል ሲያነብ ብቻ በተሰበረው ቦታ የመተኪያ ምልክት ያሳያል፣ የመጀመሪያውን ባይት ግን አይነካውም። ጃቫ ባይትን ወደ ስትሪንግ ሲለውጥ የተሰበረውን በመተኪያው ምልክት ቀይሮ ያልፋል። ፓይተን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በወጣው ሦስተኛ ትውልዱ ባይትንና ጽሑፍን ለየ፤ ምርጫውንም ለፕሮግራመሩ ተወለት፦ ቁም፣ ተካ ወይም ዝለል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አራተኛ መንገድ ጨመረ፤ የተሰበረውን ባይት በልዩ ምልክት ሸሽጎ ይዞ፣ ጽሑፉ ተመልሶ ሲጻፍ እንደነበረ ማውጣት። ይህ አራተኛው መንገድ ከብራና ገልባጩ ይልቅ ለጥንቃቄኛው አርታኢ ይቀርባል፤ ያልገባውን አያርምም፣ አይጥልምም።

ልዩነቱ በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ የመዝገብ ሥርዓት ለግለሰቡ ስም 10 ባይት መድቧል እንበል። ንድፉን የሠራው ሰው አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው ብሎ አስቧል፤ ለእንግሊዝኛ ስም ይበቃል። አበበች የምትባል ሴት ልትመዘገብ ትመጣለች። ስሟ አራት ፊደል፣ 12 ባይት ነው። ሥርዓቱ በ10ኛው ላይ ሲቆርጠው 'አ'፣ 'በ'፣ 'በ' ሙሉ ሆነው ይቀራሉ፤ ከ'ች' ግን መሪዋ 225 ብቻ ትተርፋለች። የሚያቆም ፕሮግራም ስሙ ልክ አይደለም ይላል፤ ጸሐፊው ይጠይቃል። የሚተካ ፕሮግራም አበበ ብሎ በመጨረሻው የመተኪያውን ምልክት ያስቀምጣል፤ ያየ ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል። የሚዘል ፕሮግራም ግን አበበ ይላል። አበበ እውነተኛ ስም ነው፤ የወንድ ስም። ሴትየዋ በመዝገብ ላይ ሌላ ሰው ሆነች፤ ከመዝገቡ ላይ ይህን የሚናገር ምንም ነገር የለም።

ልብ በሉ፤ ብልህ ነኝ የሚለው ፕሮግራመር ፊደሉን በወሰኑ ላይ እቆርጣለሁ ቢል ውጤቱ ያው አበበ ነው። ማሽኑ ይረካል፤ ሰውየዋ ግን አሁንም ጠፍታለች። ሕጉን የጠበቀ ጽሑፍ እውነተኛ ጽሑፍ ነው ብሎ መደምደም እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን። መፍትሔው መጀመሪያውኑ በቂ ቦታ መስጠት፣ ካልበቃም መቀበል እንደማይቻል መናገር ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። የሥርዓቱ ጥያቄ ምልክት፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም የግዕዝን ፊደል ወደማያውቅ ሰንጠረዥ ሲጽፍ በእያንዳንዱ ፊደል ፋንታ የሚያስቀምጠው ተራ የጥያቄ ምልክት፣ ምንም የሚመለስበት መንገድ የለውም። የተዘበራረቀ ጽሑፍ ባይቶቹ ካሉ ይመለሳል፤ አራት የጥያቄ ምልክት ግን አበበችም ከበደችም ሊሆን ይችላል።

ዝም ብሎ መዝለልና ልቅ ሆኖ መቀበል ለደኅንነትም አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ ሰርቨር፣ በአንድ ባይት መጻፍ የሚገባውን የአቃፊ መለያ ጭረት ሕጉ በማይፈቅደው የሁለት ባይት አጻጻፍ ሲላክለት ይቀበል ስለነበር፣ ጥቃት ፈጻሚዎች የተከለከሉ ፋይሎች ጋ ደረሱ። ጠባቂው ጭረቱን አላየም፤ ውስጥ ያለው ፈቺ ግን አየው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 የወጣው የዩቲኤፍ-8 መመዘኛ ፈቺዎች እንዲህ ያለውን አጻጻፍ እንዳይቀበሉ በግልጽ አስጠነቀቀ። ባይት መጣልም እንዲሁ ነው፤ መካከሉ ሲወጣ ያልነበረ ቃል ይገጣጠማል።

ጉዳዩ አልፏል የሚል ካለ ወደ ጉራጊኛ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ አጻጻፍ 28 ፊደላትን ጨመረ። ቀድሞ በነበረው 65,536 ቦታ ውስጥ ሳይሆን ከዚያ ውጭ ስለተመደቡ በዩቲኤፍ-8 አራት አራት ባይት ይወስዳሉ፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕት በሚጠቀሙበት ባለ 16 ቢት አሠራር ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ቁራጭ ያስፈልጋል። አማርኛን ያለ ችግር የሚያስተናግድ ፕሮግራም እነዚህን ከመካከላቸው ሊቆርጥ ይችላል፤ የቀረው ግማሽ ብቻውን ፊደል አይሆንም። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ለብዙ ዓመታት ዩቲኤፍ-8 ብሎ የሚጠራው ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም ነበር። አራት ባይትን የሚቀበለው ሌላ አማራጭ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢመጣም አሮጌው ምርጫ በብዙ ሥርዓቶች ውስጥ ቆይቷል። አማርኛ በ1990ዎቹ ያየውን ፈተና ዛሬ ጉራጊኛ እንዳያየው ማድረግ የእናንተ የወጣት ፕሮግራመሮች ኃላፊነት ነው።

ምክሬን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጽሑፍ ወደ ሥርዓታችሁ በሚገባበት በር ላይ ጥብቅ ሁኑ፤ ልክ ያልሆነውን መልሱ፣ የት ቦታ እንደተሰበረም ተናገሩ። ፋይል በቁርጥራጭ ስታነቡ በቁራጩ ጫፍ ያለው ፊደል የተሰበረ ሳይሆን ገና ያልደረሰ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ጠብቁ። የመተኪያውን ምልክት ለማሳያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ እርሱን የያዘውን ቅጂ በዋናው ላይ ጽፋችሁ አታስቀምጡ። መዝለልን ለሰው ስም፣ ለመዝገብና ለሕግ ጽሑፍ ፈጽሞ አትምረጡ። የቤተ መዛግብት ባለሙያዎችና የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ፣ የፎንት ዘመን ፋይል ሲገጥማችሁ ወደ ዩኒኮድ የተቀየረውን ቅጂ ይዛችሁ ዋናውን አትጣሉ። የፎንቱን ስም፣ የሠንጠረዡን ምንጭና የለወጣችሁበትን ቀን መዝግቡ። ለዋጩ ፕሮግራም አንድ ፊደል ቢሳሳት ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያርመው ዋናው ባይት እጁ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው።

በዚህች ከተማ በየቢሮውና በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያሉ ፍሎፒዎችና አሮጌ ዲስኮች የሃያና የሠላሳ ዓመት አማርኛ ይዘዋል። መግነጢሳቸው እየደከመ ነው፤ የተጻፉበትን ፎንት የሚያስታውሱ ሰዎችም እየጡረቱ ነው። ሥራው አስቸኳይ ነው፤ ሙያውም በእናንተ እጅ አለ።  ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።